ጀሶውን የደበቅኩባቸው ጠዋቶች

ቀራንዮ ሰፈር ውስጥ ከእኔ በፊት ብረት የሚያነሳ ሰው አልነበረም። ነበረ የሚል ካለ ይምጣና ይንገረኝ። የጀመርኩት በሁለት የቀለም ቆርቆሮ ነው። ሲሚንቶ ሞላሁባቸውና በውሃ ቱቦ አጋጥሜ አደረቅኳቸው። በደርግ ጊዜ ሲሚንቶ እንደ ልብ አይገኝም ነበር፤ እኔ ግን በየግንባታው አጥር ሥር የተደፋውን እየጠራረግኩ አጠራቀምኩ። ኋላ ደግሞ የአሮጌ መኪና ቸርኬዎች አገኘሁና በወፍራም ዘንግ ላይ ደረደርኳቸው። ዘንጉ ለእጅ የተሠራ አልነበረም። ጣት ዙሪያውን ሄዶ አይገናኝም። እኔ ግን ስይዘው ይገናኝ ነበር።

ማን አስተማረህ ይሉኛል። ማንም አላስተማረኝም። ብየዳንም በዓይኔ ሌሎችን እያየሁ ነው የለመድኩት፤ በምሠራበት የበያጆች ማህበር ውስጥ ከእኔ የተሻለ የብየዳ ስፌት የሚያወጣ አልነበረም። እንግሊዝኛም ቢሆን ከመርካቶ አሮጌ ዕቃ መሃል ያገኘሁትን ሽፋን የሌለው የሰውነት ማጎልመሻ መጽሐፍ በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ ነው ያወቅኩት። አንዱን ገጽ ለመጨረስ ሳምንት የሚፈጅብኝ ጊዜ ነበር። ሲገባኝ ግን ገባኝ። አንገቴ ከጭንቅላቴ ሰፋ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሳይቀር ስብሰባው ሲቀዘቅዝበት፣ «ጓድ፣ እስቲ ተነስና ክንድህን አሳያቸው» ይለኝ ነበር። እኔም እነሳና አሳያቸዋለሁ። ለምን እዋሻለሁ፣ ደስ ይለኝ ነበር።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ጣቶቹ ሲደነዝዙበት ለማን ይናገራል?

የጀመረኝ በቀኝ እጄ ነው። አውራ ጣቴ፣ ሌባ ጣቴና የመሃል ጣቴ የሌላ ሰው ጣቶች መሰሉኝ። ተኝቼ ሳለ በውስጣቸው ጉንዳን እንደሚርመሰመስ ሆነው ይቀሰቅሱኛል። ተነስቼ እጄን፣ ታጥቦ ፎጣ እንዳጣ ሰው፣ አራግፈዋለሁ። ሲለቀኝ እተኛለሁ። ጠዋት ስነሳ ሸሚዜን መቆለፍ ያቅተኝና ባለቤቴ ትቆልፍልኛለች። እየቆለፈች ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። እኔ ብረቱን ጨመርኩበት። ደካማ እጅ የሚጠነክረው በሥራ ነው ብዬ አሰብኩ። መጽሐፉም እንደዚያ ነበር የሚለው፤ ወይም እኔ የተረዳሁት እንደዚያ ነው።

ምስጢሬ የወጣው ኅብረት ሱቅ ሰልፍ ላይ ነው። ላምባ መጥቶ ሰፈሩ በሙሉ ተሰልፏል። ጄሪካኔን አስሞልቼ መያዣውን ጨብጬ ዘወር ስል፣ ጄሪካኑ ከእጄ ወርዶ መሬት ላይ ተደፋ። ሲንሸራተት አልተሰማኝም። መያዜንም ሆነ መልቀቄን አላወቅኩም። ላምባው በሰዉ ጫማ መሃል ሲፈስ አንዱ፣ «ጉልበተኛው ዛሬ ቁርስ አልበላም እንዴ?» አለና ሰልፈኛው ሳቀ።

እማማ ከሰልፉ ኋላ ነበሩ። አጥር ለአጥር የምንዋሰን ጎረቤታችን ናቸው፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ፣ ከሰላሌ መጥተው ቀራንዮ የሸመገሉ ወጌሻ። የሰፈሩ ሰው እጅ ሲወልቅ፣ ቁርጭምጭሚት ሲዞር፣ ሕፃን ሲወድቅ የሚሮጠው ወደ እሳቸው ነው። ከማንም አይቀበሉም። «እጁ ለእኔ የተሰጠኝ በነጻ ነው» ይላሉ። የእኔንም ትከሻ በልጅነቴ የመለሱት እሳቸው ናቸው፤ እናቴ እስክትሞት ድረስ ያንን ቀን አንስታ ትመርቃቸው ነበር።

«ና ወዲህ አንተ ጎረምሳ» አሉኝ።

«ምንም አይደለም እማማ፣ አንሸራተተኝ።»

«ጄሪካን ምን ተቀብቶ ነው የሚያንሸራትት? አምጣ እጅህን።»

አንጓዬን በሁለት አውራ ጣቶቻቸው ይዘው ዳሰሱ፣ ጫን አሉ፣ ዓይናቸውን ከድነው እንደገና ዳሰሱ። ሰልፈኛው ሳቁን ትቶ ይመለከታል። «ጅማትህ ተዛብቷል» አሉ። «ወለምታ ነው፤ ከርሞብሃል። ነገ ከኪዳን ስመለስ እመጣለሁ።»

«እርስዎ አይልፉ፣ እኔ እመጣለሁ።»

«አንተማ አትመጣም፤ አውቅሃለሁ» ብለው ወደ ሰልፋቸው ተመለሱ።

በማግሥቱ መጡ። ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጣል አድርገው፣ በትንሽ ሲኒ ቅቤ ይዘው። ቅቤው የራሳቸው ነው። በዚያ ዘመን ቅቤ ለዓመት በዓል ወጥ የሚጠፋበት ጊዜ ነበር። እጄን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ከመዳፌ ጀምረው እስከ ክርኔ ያሹኛል። ጣቶቻቸው ቀጫጭን ናቸው፤ ኃይላቸው ግን ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። እኔ ያን ሁሉ ብረት የማነሳው ሰውዬ ጥርሴን ነክሼ ጣሪያ አያለሁ። ሲጨርሱ እጄ ይሞቀኛል፣ ለጥቂት ጊዜ ይፍታታል። ከሰዓት በኋላ ግን ከነበረው ብሶ ይደነዝዛል።

«ተሻለህ?» ይሉኛል በማግሥቱ።

«ተሻለኝ፣ እማማ።»

ቅቤያቸውን ላፈሰሱ ሴት ሌላ ምን ይባላል?

እየዋለ እያደረ ሥራዬ ተበላሸ። ማህበሩ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት በር ስበይድ እጄ ሳላውቀው ተንሸራቶ ስፌቱ ተጣመመ። የእኔ ስፌት! የማህበሩ ኃላፊ በሩን አይቶ ጣቱን በስፌቱ ላይ አስኬደ። ሆስፒታል የሚያስገባኝን ወረቀት ጽፎ ሰጠኝ።

ሐኪሙ ቀጭን ወጣት ነው፤ በግራ እጄ አንስቼ መደርደሪያ ላይ ላስቀምጠው እችል ነበር። «እጆችህን ጀርባ ለጀርባ አጋጥመህ ጣቶችህን ወደ ታች አውርድና ቆይ» አለኝ። ቆየሁ። ብዙም ሳይቆይ ጉንዳኑ መጣ። ከዚያ አንጓዬን በጣቱ ጫፍ መታ ሲያደርገው እስከ መሃል ጣቴ ኤሌክትሪክ ሄደ። ኤሌክትሪክ ምን እንደሚመስል ደግሞ እኔ አውቃለሁ።

«ካርፓል ተነል ይባላል» አለኝ። ወረቀት ላይ ሥሎ አስረዳኝ። አንጓ ውስጥ ጠባብ መተላለፊያ አለች፤ ጅማቶቹ ሁሉና አንድ ነርቭ በእሷ ነው የሚያልፉት። ጅማቶቹ በሥራ ብዛት ሲያብጡ ነርቩን ያንቁታል። «አጥንትህ ምንም አልሆነም። አልወለቀም፣ አልዞረም። ብረቱን ትተዋለህ።»

«እስከ መቼ?»

«እጅህ እስኪፈቅድልህ።»

«መታሸትስ?»

«ማን ነው የሚያሽህ?» ብሎ ብዕሩን አስቀመጠ። «ማሸት የለም። ያበጠውን ይብስ ታሳብጠዋለህ።» አውራ ጣቴ ሥር ያለውን ወፍራም ሥጋ ጫን አደረገው። «ይሄ ሥጋ መክሳት ከጀመረ እጅህ መጨበጥ ያቆማል፤ ቀድደንም ላንመልሰው እንችላለን። ገባህ?»

ገባኝ። ከመዳፌ እስከ ክንዴ ግማሽ ድረስ የሚደርስ፣ እንደ አሸንዳ የጎደጎደ ጀሶ ሠራልኝ፤ በፋሻ እየጠመጠምኩ አንጓዬን ቀጥ አድርጌ እንድይዝበት። ሌሊት ሁልጊዜ፣ ቀንም ከሥራ ውጭ። ካልተሻለኝ አንጓዬን ቀድዶ ያክመዋል።

ያን ሌሊት ጀሶውን አስሬ ተኛሁ። ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጉንዳኑ ሳይቀሰቅሰኝ ነጋ። ደስታዬን ገና ሳልጨርሰው የአጥራችን በር ተንኳኳ።

እማማ ናቸው። ከኪዳን ተመልሰው ከነቅቤያቸው።

ለምን ያንን እንዳደረግኩ አገሬን የማያውቅ ሰው አይገባውም፤ ላስረዳውም አልችልም። ፋሻውን በጥርሴ ፈትቼ ጀሶውን ቁምሳጥን ውስጥ ወረወርኩትና እጅጌዬን ሰብስቤ ተቀመጥኩ። «ይግቡ፣ እማማ።» ገቡ፣ አሹኝ፣ መርቀውኝ ሄዱ። ከበሩ ሲወጡ ጀሶውን አውጥቼ መልሼ አሰርኩት።

ባለቤቴ ወጥ ቤት በር ላይ ቆማ ታየኛለች።

«ሌባ ትመስላለህ» አለችኝ።

«ምን ልበላቸው? ሐኪሙ እርስዎ እጄን ገደሉት አለ ልበላቸው?»

«አመሰግናለሁ፣ በቃኝ በላቸው።»

«ይቀየማሉ።»

«ለእሳቸው ይሉኝታ፣ ለሐኪሙ ይሉኝታ። እጅህስ? እጅህ ማን አለው?»

እውነቷን ነበር። ግን በማግሥቱም ያንኑ አደረግኩ፤ በሦስተኛውም ቀን። ሌሊት በጀሶ አሳርፈዋለሁ፣ ጠዋት በቅቤ አስቆጣዋለሁ። አንዱ የሠራውን ሌላው እያፈረሰ፣ እጄ በሁለት ሐኪም መሃል ቆመ። እማማ ፊት ስቀመጥ ሐኪሙን የከዳሁት ይመስለኛል፤ ጀሶውን ሳስር ደግሞ እማማን። የሚገርመው ለሁለቱም እውነቱን ያልነገርኩት እኔው መሆኔ ነው፤ እንደ ታዛዥ ልጅ ሁለቱም ፊት ጭንቅላቴን እነቀንቃለሁ።

ነገሩ ደግሞ ባለበት አልቆመም። አንድ ቀን እማማ እያሹኝ፣ «ያ ብረትህ ጠዋት ጠዋት ሲንኳኳ አልሰማም» አሉኝ። ብረቱን ትቼዋለሁ። ይህን ብቻ ሐኪሙን ታዝዣለሁ።

«እያሳረፍኩት ነው።»

ፊታቸው ጠቆረ። እኔን አልተጠራጠሩም፤ የተጠራጠሩት እጃቸውን ነው። «ገና አልገባሁበትም ማለት ነው» ብለው ማታም መምጣት ጀመሩ። ጠዋት ቅቤ፣ ማታ ቅቤ። ከየት እንደሚያመጡት አልጠየቅኩም። ባለቤቴ ግን አንድ ቀን ወጣቸውን አይታ መጣችና፣ «ዘይት እንኳ የለበትም» አለችኝ። ያን ቀን ምሳዬን መብላት አቃተኝ።

እና ምን አደረግኩ? አሁን ሳስበው ያሳፍረኛልም፣ ያስቀኛልም። ከኪዳን የሚመለሱበትን ሰዓት ጠብቄ ጓሮ እወጣና ቸርኬዎቹን በእግሬ እያጋጨሁ አንኳኳ ጀመር። ዳንኩ ብለው ይተዉኛል ብዬ ነበር። እኔ፣ ቀራንዮን ብረት ማንሳት ያስተማርኩ ሰው፣ በአሮጌ ጫማ ቸርኬ እየረገጥኩ፣ ሰው እንዲሰማልኝ «ኡህ!» እያልኩ እተነፍሳለሁ። ባለቤቴ ከመስኮት ሆና፣ «ትንሽ ጮክ በል፣ ቤቴል ሰፈር አልተሰማም» ትለኛለች።

እማማ ሰሙ። እየሳቁ ገቡ። «ተነሳህልኝ!» ብለው ጉንጬን ሳሙኝ። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥም፣ ቀብር ላይም፣ ሰልፍ ላይም ነገሩ ተወራ፤ የጉልበተኛውን እጅ እማማ መለሱት ተባለ። እኔን ግን አልተዉኝም። «አሁን ነው ማጥበቅ» አሉ። «ከባድ እያነሳህ ከተውኩህ ይመለስብሃል።»

እንደዚህ ሆነን ክረምቱ ገባ።

አንድ ዝናባም ጠዋት ነው። እጄ ጉልበታቸው ላይ ነው። እያሹ ሳሉ አቆሙ። ቀኝ እጃቸውን ወደ ጎን አወጡና፣ ታጥቦ ፎጣ እንዳጣ ሰው፣ አራገፉት። አንዴ፣ ሁለቴ። ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ወደ ማሸታቸው ተመለሱ።

ያንን ማራገፍ የማያውቅ ሰው ልብ አይለውም። እኔ ግን አውቀዋለሁ።

«እማማ፣ የትኛው ጣትዎ ነው?»

«የምን ጣት?»

«የሚደነዝዘው።»

እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱት። «ቁርጥማት ነው። እርጅና ነው፤ ምን ታደርገዋለህ።»

«ከእንቅልፍዎ ይቀሰቅስዎታል?»

ቀና ብለው አዩኝ። «ማን ነገረህ?»

እጃቸውን ለመንኳቸው። እንደ ልጅ እያቅማሙ ሰጡኝ። ለስንት ጊዜ ያሸኝን እጅ ገልብጬ ያየሁት ያን ቀን ነው። አውራ ጣታቸው ሥር ሥጋ የለም። ሐኪሙ እኔ ላይ ጫን ያደረገው ቦታ፣ የእሳቸው ጎድጉዶ የሲኒ ማስቀመጫ መስሏል። እጆችዎን ጀርባ ለጀርባ ያጋጥሙ አልኳቸው። ገና ከማጋጠማቸው ፊታቸው ቅጭም አለ።

ተነሳሁና ቁምሳጥኑን ከፍቼ ጀሶውን አወጣሁ። በመሃላችን ምንጣፉ ላይ አስቀመጥኩት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የእኔ ነው። ሆስፒታል ነው የሠሩልኝ።»

«መቼ?»

ነገርኳቸው። ሐኪሙ ያለውንም፣ እሳቸው በሩን ሲያንኳኩ የማደርገውንም ነገርኳቸው። ባለቤቴ ወጥ ቤት በር ላይ መጥታ ቆመች።

«ታዲያ እኔ ምን ስሠራ ነው የከረምኩት?» አሉ።

ወደ ባለቤቴ ዞሩ።

«አንቺም ታውቂያለሽ!»

«ንገራቸው ብዬው ነበር፣ እማማ» አለች ባለቤቴ አንገቷን ደፍታ።

እማማ የቅቤውን ሲኒ ይዘው ሊነሱ ብለው መልሰው ተቀመጡ። ሲኒውን የያዙት በሁለት መዳፋቸው እንደሆነ ያኔ አየሁ። «ከዐቢይ ጾም ጀምሮ ልተወው ፈልጌ ነበር» አሉ በዝግታ። «ጣቴ ቅቤውን አይሰማውም። ያንተን እጅ ይዤ የማንን እንደያዝኩ አላውቅም። ግን፣ ጀምራ ተወችኝ ትላለህ አልኩ። እናትህ ብትኖር ምን ትለኛለች አልኩ። ኋላ ደግሞ ያ ብረትህ ሲንኳኳ ስሰማ፣ ይኸው ልፋቴ አልቀረም ብዬ በርትቼ…»

«በእግሬ ነበር የማንኳኳው፣ እማማ።»

«ምን?»

«ቸርኬዎቹን። በእግሬ ነው።»

ትንሽ አፍጥጠው አዩኝ። ከዚያ ከሆዳቸው የወጣ ሳቅ ያዛቸው። ባለቤቴም ተከተለቻቸው። እማማ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ እንባቸውን በክንዳቸው ጠረጉት፣ በጣቶቻቸው መጥረግ ስላልቻሉ። እኔ አልሳቅኩም።

በዚያው ሳምንት አውቶቡስ ተሳፍረን አብረን ሄድን። ያ ቀጭን ሐኪም መጀመሪያ የእሳቸውን እጅ አየ፤ ከዚያ የእኔን። እኔን ለብቻዬ ጠርቶ፣ «ያንተን እቀድደዋለሁ፤ ትድናለህ» አለኝ። «የእናትህንም እቀድዳለሁ፤ ሕመሙ ይለቃቸዋል፣ ይተኛሉ። የከሳው ሥጋ ግን አይመለስም። ዘግይተዋል።»

እናቴ አይደሉም አላልኩትም። «ምን ያህል ዘግይተዋል?» አልኩት። ነገሩ የዓመታት ነው፣ ዕድሜ ልካቸውን ሲያሹ የኖሩ ሰው ናቸው አለኝ። እማማም ኋላ ያንኑ አሉኝ። «በዚህ እጅ ያላሸሁት የቀራንዮ ሰው ማን አለ? ያንተ እጅ ከሁሉ ጎልቶ ነው? ትምክህትህ!» ምናልባት እውነት ነው። ግን የመጨረሻው የእኔ እጅ ነበር። በቀን ሁለቴ ያስለፋቸው የእኔ «ተሻለኝ» ነበር።

ሁለታችንንም ቀደደን፤ የእኔ እጅ ዳነ። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ውሸት ይሆንብኛል፤ በቀጭን ዘንግ፣ በጥንቃቄ፣ አንጓዬን ቀጥ አድርጌ እንደገና ጀመርኩና ከበፊቱ የበለጠ አነሳሁ። ከዚያ በኋላም ሌሎች ሲጀምሩ፣ አንጓችሁን አታጥፉ ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

እማማ እንቅልፍ አገኙ። መጨበጥ ግን አልቻሉም። ፋሻቸው ከተፈታ ብዙም ሳይቆይ ከመሰላል የወደቀ ሰው ትከሻውን ይዞ እየጮኸ በራቸው ላይ ደረሰ። እኔ ግቢያቸው ውስጥ ነበርኩ። ከወንበራቸው ተነስተው ሁለት እርምጃ ሄዱ፤ እጃቸውን ወደ ሰውየው ክንድ ዘረጉ፤ ጣቶቻቸው ክንዱ ላይ አረፉ እንጂ አልያዙትም። ለቀቁት። «ወደ ሆስፒታል ውሰዱት» አሉ። ሰዎቹ ያልገባቸው መስለው ቆሙ። «እኔ ትቻለሁ፣ ውሰዱት አልኳችሁ እኮ!» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። ሰውየው እየጮኸ ሄደ። እኔን አላዩኝም፤ ወይም እንዳላዩኝ ሆኑ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃቸውን ከቦኖ የማመላልሰው እኔ ሆንኩ። አንድ ቀን ጄሪካኑን ስሞላ ቦኖው ጋ የተሰለፉት ሴቶች ሙገሳ ጀመሩ። «እማማ የታደሉ ናቸው» አለች አንዷ። «ልጅ አልወለዱም የሚለው ማነው? ይኸው ወልደው የለ!» ሌላዋ ደግሞ፣ «የእኔው እንኳ አንድ ቀን አላመጣልኝም» አለች። እኔ ሙገሳ ጠግቤ የማውቅ ሰው አይደለሁም። ያን ቀን ግን ጄሪካኑ ሳይሞላ ትከሻዬ ላይ አድርጌ ሄድኩ።

እማማ በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። የበርሜሉን ክዳን በሁለት ክርናቸው ገፍተው ከፈቱልኝ። ውሃውን ስገለብጥ፣

«በይሉኝታ ከሆነ የምታመጣው ተወው» አሉኝ። «እንደ ማሸቱ እንዳይሆን። እውነቱን ንገረኝና ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።»

«በይሉኝታ አይደለም፣ እማማ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

እውነቴን ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ውሃውን ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው ያመላለስኩት እኔ ነኝ።